ስሟን አውቄ ዝም አልሁ

የሰፈሬ ሰዎች፣ የጎንደር ልጆች ሆይ! ይህን ጽፌ ሳበቃ ከመካከላችሁ ሰላምታ የሚነሣኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይንሣኝ። ያን የጥቅምት ቅዳሜ በሆዴ ይዤ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ «እንደምን አደራችሁ» እያልሁ በዚያ መንገድ መመላለስ ከዚህ በላይ አልቻልሁም።

ገበያተኛው አህያውን እየነዳ የሚያልፍበት ሰዓት ነበር። ክረምቱ ከወጣ ብዙ ስላልቆየ በአንገረብ ወንዝ ዳር ያለው ሣር ገና ሰው ይደብቃል። ከዚያ ሣር የወጣች አንዲት እንስሳ በጎረቤት አጥር ላይ ስትዘል ታየችና «ነብር! ነብር ገባ!» ተባለ። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ወጣሁ። መጀመሪያ ያየሁት ጆሮዋን ነው፤ ከራሷ ጋር የማይመጣጠን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ትልቅ ጆሮ። ቀጥሎ ረጅምና ቀጭን እግሯን አየሁ። ነብር እንዲህ ያለ ጆሮም እግርም የለውም። አነር ነበረች፤ ከነብር በጣም የምታንስ የዱር ድመት። ባዮሎጂ ሳስተምር 22 ዓመቴ ነውና ለማወቅ አንድ እይታ በቃኝ።

ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩባት ወዲያና ወዲህ እያለች መውጫ ፈለገች። በአንድ በኩል ሰው ነው፣ በሌላው በኩል የቆርቆሮ አጥር። ከኮብልስቶኑ መንገድ ሥር ጎርፍ የሚያልፍበት ቱቦ አለ፤ እዚያ ገባች። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ማንንም አልነከሰችም፣ ማንንም አልቧጨረችም። ቀኑ ሲመሽ ወጥታ ወደ ወንዟ ትመለስ ነበር። ብንተዋት ኖሮ!

አልተውናትም። አንዱ «ጭድ አምጡ» አለ። ጭድ መጣ። በቱቦው አንደኛው አፍ ላይ ነደደ፣ እርጥብ ቅጠል ተጨመረበት። በሌላኛው አፍ ዱላና ፌሮ የያዙ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወጣቶች ተሰልፈው ቆሙ። ጭሱ እየገባ ሲሄድ ከውስጥ ሳል ይሰማ ጀመር። ድመት ስታስል የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ እንደዚያ ነው፣ ትንሽ ወፈር ይላል። ሰዉ ሳቀ። ወገኖቼ፣ ሳቃችሁ፤ የሳቁት ሌሎች ናቸው ብሎ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ የሚቀስር ሰው እንዳይኖር ነው ይህን የማነሣው። ገበያ የሚሄደው ሰው ሳይቀር አህያውን አቁሞ ይስቅ ነበር።

የተፈጸመውን ሁሉ አልዘረዝርም ብዬ ነበር። ካልዘረዘርሁት ግን «አንድ አውሬ ገደሉ» ተብሎ ይታለፋል። ስትወጣ ዓይኗ በጭስ ታውሮ ስለነበር በቀጥታ የመጣችው ወደ ዱላው ነው። የመጀመሪያው ምት ወገቧን አገኛት። በፊት እግሮቿ እየተሳበች ወደ ቱቦው ልትመለስ ሞከረች። ከእኛ ይልቅ እሳቱን መረጠች! አንዱ ጅራቷን ይዞ መልሶ ጎተታት። አባቶቻችን «የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» ያሉት ለብርቱ ጠላት ነው። ወገቧ የተሰበረ፣ ከአንድ ጠቦት የማትከብድ ፍጥረት ጅራት ይዞ መጎተት ምን ይባላል? እኔ ቃል አጥቼለታለሁ።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የተቃወመ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው ጎረቤቴ ከበራቸው ላይ ቆመው «ኧረ ተዉ ልጆቼ፣ በማርያም! ምን አደረገቻችሁ?» አሉ። አንድም ሰው ዘወር አላለም። ከሞተች በኋላም አላበቃም። አንድ አባት የአራት ዓመት ልጁን ከሬሳዋ አጠገብ አቁሞ ፎቶግራፍ አነሣው። ልጁ ያለቅስ ነበር። አባትየው «አትፍራ፣ ሞታለች» ይለዋል። ልጁ ፈርቶ ይሁን አዝኖ፣ የጠየቀው የለም።

ቆዳዋን ለመሸጥ ያሰቡ ነበሩና ገፈፏት። በእሳትና በፌሮ ስለተበላሸ ቆሻሻ መጣያ ላይ ጣሉት። ሆዷን ሲከፍቱት ግን እኔም ቀርቤ አየሁ። አይጥ ነበር። ስንቆጥር አምስት ሆኑ፤ አንደኛው ጸጉሩ እንኳ ገና አልረገፈም። በዚያች ሌሊት የበላቻቸው መሆን አለባቸው። በዚህ ሰፈር በየቤቱ ጎታውን የሚቦረቡረው፣ የጤፍ ጆንያ የሚቀድደው አይጥ! በየሱቁ መርዝ እየገዛን የምንበትንለት፣ መርዙንም ዶሮና ድመት እየበሉ የሚሞቱበት አይጥ! አነር ከምግቧ አብዛኛውን የምታገኘው ከአይጥና ከመሰሎቹ ነው። ያ ትልቅ ጆሮ ለጌጥ አልተሰጣትም፤ አይጥ በሣር ሥር ሲንኮሻኮሽ ከሩቅ ትሰማለች፣ ከዚያ ወደ ላይ ዘልላ በፊት እግሮቿ ትወርድበታለች። ከሁለት ሙከራዋ አንዱ ያህል ይሳካላታል። ሌሊቱን ሙሉ በነፃ ስትሠራልን የነበረችውን ነው ጠዋት አፍነን የገደልናት።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት በፊት፣ እነዚያው ወጣቶች ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ጭማቂ ቤት ተቀምጠው በስልክ ቪዲዮ ሲያዩ ደረስሁ። ጨለማ ውስጥ በድብቅ ካሜራ የተቀረጸች ዥንጉርጉር እናት ግልገሏን ትልሳለች። «መምህር፣ ይህች ምንድን ናት?» አሉኝ። ኦሴሎት ናት አልኋቸው፤ ከቴክሳስ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ድረስ የምትኖር የዱር ድመት። ሰው ሲጠይቀኝ መናገር እወዳለሁና ጭማቂዬን ትቼ አስረዳኋቸው። የአንዷ ዥንጉርጉር ከሌላዋ ጋር ፈጽሞ እንደማይመሳሰል፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የሴቶች ካፖርት ለመስፋት በዓመት እስከ 200,000 የሚደርሱ ኦሴሎቶች ይገደሉ እንደነበር፣ አሜሪካ ውስጥ የሚገኙት መቶ ያህል ብቻ እንደሆኑ ነገርኋቸው። የምትሸሸግበት እሾሃማ ቁጥቋጦ ለእርሻና ለከተማ ስለተመነጠረ ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው ስትሻገር መኪና እንደሚገጫት፣ ለዚህም ሲባል ከአስፋልት ሥር መተላለፊያ እንደሠሩላት ጨመርሁ።

በጸጥታ ነበር የሚያዳምጡኝ። መኪና እንደሚገድላት ስናገር አንደኛው ከንፈሩን መጠጠ፤ «ምስኪን!» አለ። ወገኖቼ፣ በቅዳሜው ጠዋት ጭዱን ተሸክሞ የመጣው እሱ ነው።

ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን የሚጦር፣ ለቀብር ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርስ ልጅ ነው። እንቅልፍ የሚነሣኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ በእሱ አሳብቤ እተኛ ነበር። የቴክሳስ ድመት ስትሞት ያዘነው ልቡ እውነተኛ ልብ ነው። ታዲያ ያ ልብ በራሱ ሰፈር ቱቦ አፍ ላይ ሲቆም የት ሄደ? እኛስ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ሰባት ባሕር ተሻግሮ ላለው የምናዝን፣ ደጃችን ለመጣው ዱላ የምናነሣ!

በፋሲል ግቢ የአንበሳ ቤቱን ለእንግዳ እናሳያለን፤ «እዚህ አንበሳ ነበር» እንላለን። «ነበር» ማለት ሲጣፍጠን ይገርመኛል። ደባርቅ ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የኮራነው እኛ ነን። በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2017 እዚያው ሲቆይ ግን ያፈርነው ስንት ነን? በዚያ ፓርክ ከዋልያና ከጭላዳ ሌላ ነብር፣ ደልጋ አንበሳ፣ የዱር ድመትና አነር አሉ። አነርን ለማየት በሩቅ አገር ያለ ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ ይመጣል፤ ብዙውም ሳያያት ይመለሳል። እኛ ዘንድ በእግሯ መጣች።

አዋጅም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ስንት ዘመን ሆነው! ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል ወንጀል ነው። ግን አዋጁን አንሥቼ ላስፈራራችሁ አልፈልግም፤ እስር ስለፈራ ብቻ ዱላውን የሚያወርድ ሰው ጨለማ ሲሆን መልሶ ያነሣዋል።

ደግሞ «አስተማሪው ተረጋግቶ ይፈርዳል» እንዳትሉኝ፣ የእኔን ልንገራችሁ። ስሟን አውቄ ነበር ብያለሁ። ጭዱ ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ነበረኝ። «ነብር አይደለችም፣ አነር ናት፣ ሰው አትነካም፣ መንገድ ልቀቁላት» ብዬ ብጮህ ከእነዚያ ልጆች ግማሾቹ ያስተማርኋቸው ናቸው፤ ይሰሙኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። አንዱ ተማሪዬ እንዲያውም ክንዴን ይዞ «መምህር፣ ይራቁ፣ እንዳትጎዳዎት» አለኝ። እኔም ራቅሁ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። ቪዲዮው እስካሁን አለኝ፤ ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሴኮንድ ነው። የእማማ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የእኔን ድምፅ ደጋግሜ ፈለግሁ። የለም። የባሕር ማዶዋን ድመት ታሪክ በጭማቂ ቤት የተነተንሁ ሰው፣ ደጄ ላይ የምትሞተዋን በስሟ መጥራት ተሳነኝ። ጭዱን የተሸከመው ልጅ የገደለው ነብር መስሎት ነው። እኔ አነር መሆኗን እያወቅሁ አስገደልኋት።

ለምን ዝም አልህ ትሉኝ ይሆናል። ዱላውን ፈርቼ አይደለም። «ለአውሬ የሚያዝን» ተብዬ እንዳይሳቅብኝ ነው። ይህችን ትንሽ ፍርሃት ስጽፋት እጄ ይንቀጠቀጣል።

ዶሮ ትበላለች የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው፣ ካገኘች ትበላለች። ሦስት ዶሮ ያለቀባትን ጎረቤታችንን አውቃለሁ፤ ለእሷ ሦስት ዶሮ የልጆቿ ደብተርና ጫማ ነው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዶሮዎቹ የሚያድሩት ክፍት በረንዳ ላይ ነበር። አነር የምትንቀሳቀሰው ብዙውን ጊዜ ከመሸ በኋላና ማለዳ ነው። በፀሐይ መጥለቂያ ዶሮን አስገብቶ በሩን መሸጎር ጭድ ከማንደድ ይቀላል።

የምለምናችሁም ትልቅ ነገር አይደለም። ጥበቃ ድርጅት አቋቁሙ አላልሁም፤ ከአስፋልት ሥር መተላለፊያ ሥሩም አላልሁም። «ነብር!» የሚል ጩኸት ስትሰሙ መጀመሪያ አስተውላችሁ እዩ። የነብር ነጥብ እንደ አበባ ተሰብስቦ ክብ ይሠራል፣ ጅራቱም ረጅም ነው። የአነር ነጥብ ለየብቻው የተነጠበ ጥቁር ነው፣ ጅራቷ አጭር ነው፣ ጆሮዋ ቁሞ ይታያል። ልጆችንና ውሻን ሰብስቡ፣ አንድ በኩል ክፍት ተዉላት። ነብር ቢሆን እንኳ መውጫ ያለው አውሬ ይወጣል፤ ከዚያ ለሚመለከተው ቢሮ ደውሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመካከላችሁ ስሟን የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ፣ እንደ እኔ አትሁኑ።

ደክሞኛል፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ልቡ የሚመለስ ስንት ሰው እንደሚኖር ብዙም ተስፋ አላደርግም። ይሁን እንጂ ባለፈው ሰኞ ክፍል ስገባ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ያቺ የገደሏት፣ ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «አነር» ብዬ ጻፍሁ። ሁሉም ደብተሩ ላይ ገለበጠው። ሥዕሏን ሳሉልን አሉኝ፤ ሥዕል አልችልም፣ ጆሮዋን ብቻ ሞከርሁ።

እማማን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሸሻቸው ቆይቼ ትናንት ማታ በራቸው ላይ ያዙኝ። ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ልጄ፣ ና ላሳይህ» ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። የዶሮ ቤታቸውን በድንጋይ አስክበው፣ ላዩን በቆርቆሮ አስመትተው፣ መሸጎሪያ አስበጅተውለታል። ከአጥሩ ሥር ባለው እርጥብ አፈር ላይ በባትሪ እያበሩ ዱካ አሳዩኝ። ከቤት ድመት ይበልጣል፣ ከውሻ ያንሳል፣ ጥፍር የለበትም።

«ለማንም አልነገርሁም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዶሮዎቼን ከመሸ አስገባለሁ። እንግዲህ ብትመጣ ከእኔ ቤት የምታገኘው አይጥ ነው።»