ጎርፉ ሱሉልታ አይደርስም፤ ዝናቡስ?

ስለ ዋልታ በረዶ መቅለጥ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጉዳዩን ከባሕር ዳርቻ ጎርፍ ጋር ብቻ አያይዞ ማቅረቡ አላረካኝም። የምኖረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሱሉልታ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ። የዓለም በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ ባሕሩ ከፍ የሚለው ከ65 እስከ 70 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቼ «እኛን ምን አገባን?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ዝናቡስ? በበረዶ ከተሸፈነችው የግሪንላንድ ደሴት ቀልጦ የሚወርደው ጨው አልባ ውኃ ሙቀትን ወደ ሰሜን የሚያጓጉዘውን የአትላንቲክ ውቅያኖስ የውኃ ዝውውር ሊያዳክም ይችላል። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሐሩር ክልል የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ ክረምታችን የሚመጣው ከዚሁ መቀነት ጋር ነው። ከ17,000 ዓመታት ገደማ በፊት ጣና ሐይቅ ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የወጣው ደለል ይመሰክራል። ተመራማሪዎች ድርቀቱን የሚያያይዙት የበረዶ ግግር ወደ ሰሜን አትላንቲክ በገፍ ከተራገፈበት ዘመን ጋር ነው። ጣና እኮ ነው! ይህን ትቶ እንደ ጽሑፋችሁ ስለ አሜሪካዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለ ማያሚ ሆቴሎች መተረክ (ለባለቤቶቹ ባዝንም) ለአማርኛ አንባቢ ምን ይፈይዳል?

የቀለጠው ውኃ ወደ ምድር ወገብ ሲሰራጭ የምድርን ሽክርክሪት በጥቂቱ እንደሚያዘገይና ቀኑን በሚሊሰከንድ ክፍልፋይ እንደሚያስረዝም አንድ መስመር ቢጨመርም አይከፋም ነበር። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ግን የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ አስቀድሙልን።