«ናቹራል ሁኑ!»

ሰርግ ላይ አዛዡ ሙሽራው የሚመስለው ገና ያላገባ ሰው ብቻ ነው። አዛዡ ፎቶ አንሺው ነው። «አገጭ ቀና! ትከሻ ዘና! እጅሽን ደረቱ ላይ! አንተ እሷን፣ እሷ እኔን!» አባቱ ሲመክሩት «አውቃለሁ» የሚል ጎረምሳ፣ ፎቶ አንሺው «ተንበርከክ» ካለው በአዲስ ሱሪው አፈር ላይ ይንበረከካል። ለምን ብሎ አይጠይቅም።

አሁን ግን ዘመኑ ተለውጧል ተብለናል። ፖዝ ፋራ ሆኗል። ሙሽሮች ሁሉ «እኛ የምንፈልገው ዶክመንታሪ ነው» ይላሉ። ፎቶ አንሺው አያዝም፣ አያሰልፍም ማለት ነው። ጥግ ጥጉን ይዞ የሆነውን እንደሆነ ያነሳል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ትእዛዙ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም አንድ ተጨመረበት፦ «ናቹራል ሁኑ!»

«ተኛ!» ብለው ሲቆጡት እንቅልፍ የወሰደው ልጅ አይቼ አላውቅም።

በቅርቡ አንድ ሰርግ ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ዛፍ ሥር አቆማቸው።

«ካሜራ የለም ብላችሁ አስቡ።»

«እሺ።»

«እኔን አትዩኝ። ወንድሜ፣ አንተ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ንገራት።»

«ምን ልበላት?»

«ደስ ያለህን። ብቻ ትሳቅ።»

ሙሽራው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። ሙሽሪት አልሳቀችም። ዓይኗ ፈጠጠ። «ቀለበቱ አንተ ጋ አይደል እንዴ?» አለች፣ ሁላችንም እስክንሰማ። ሙሽራው ኪሱን ዳበሰ። ሌላኛውን ዳበሰ። ሚዜው የራሱን ዳበሰ። ከዚያ ነገሩ የማይመለከታቸው ሰዎች ሁሉ ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። እኔም ዳብሻለሁ። ያን ቀን ከዚያ የበለጠ የእውነት ቅጽበት አልነበረም። ፎቶ አንሺው ግን ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «ኧረ ናቹራል ሁኑ እንጂ!» አለ።

ቀለበቱ አንዷ ሚዜ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ። ፎቶው ግን የለም።

ፎቶ ለዓለም ሲተዋወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ነገሩ ከባድ ነበር። ዳጌሮታይፕ የሚባለው የመጀመሪያው ዘዴ ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ተነሺው እንዳይነቃነቅ ጭንቅላቱን ከኋላ የሚደግፍ ብረት ይቆምለታል። በጥንት ፎቶዎች ላይ ሰው ሁሉ የተኮሳተረበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፈገግታን ያን ያህል ጊዜ ይዞ መቆየት ማን ይችላል? ዛሬ አንድ ካሜራ በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል። እኛ ግን ፈገግታችንን አሁንም በደቂቃ ነው የምንይዘው። ጉንጫችን እስኪንቀጠቀጥ።

ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ቅጽበት በማደን የታወቀ ሰው ነበር። ትንሽ ሌይካ ካሜራ ይይዛል። የሚያብለጨልጨውን ብረቷን ሰው እንዳያይበት በጥቁር ፕላስተር ይሸፍናታል። ፍላሽ አይወድም። የኛውን «ዶክመንታሪ» ደግሞ እዩት። ሁለት ካሜራ በግራና በቀኝ ታጥቋል። አንድ ረዳት መብራት ይዞለታል፤ ሌላው ቪዲዮ ይቀርጻል። ከላይ ድሮን ያንዣብባል። ከዚያ «እኔ እዚህ የለሁም» ይለናል። የለህም እሺ፤ ድሮኑ ያስነሳውን አቧራስ ምን እናድርገው?

የሰርግ ፎቶን ወደ ዜና ፎቶ ካስጠጉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዴኒስ ሬጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ልጅ ትንሹ ጆን ኬኔዲ ሲያገባ ከትንሿ ጸሎት ቤት ሲወጡ የሙሽሪትን እጅ የሳመበትን ቅጽበት ያነሳው እሱ ነው። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ያ መሳም ዛሬ ምን እንደደረሰበት የማያውቅ የለም። «እጇን ሳም። ቆይ፣ ፎከስ አላደረገም፣ ድገመው። አሁን እያየሃት። አሁን ሳታያት።» አራተኛው ላይ ሙሽራው የሚስመው እጅ የማን እንደሆነ ሳይጠፋው አይቀርም።

የእውነተኞቹን ባለሙያዎች ሥራ ሳይ ግን ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ቀድመው ይመጣሉ። ገና ፀጉር ሲሠራ እዚያው ጥግ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አካባቢ የሚያነሱት ሰው እስኪሰለቻቸው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማንም ከወንበሩ አይለያቸውም። ከሩቅ በትልቅ ሌንስ መሰለል ቀላል ነበር። እነሱ ግን ብዙ ጊዜ ሰፋ አድርጎ በሚያሳይ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ጠጋ ማለት ግድ ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ድምፅ ሳያሰሙ ማንሳት ይችላሉ። (አንዳንድ የአዳራሽ መብራት ሥር ግን ፎቶው ላይ መስመር መስመር ያወጣሉ፤ ዝምታም ጣጣ አለው።) እነሱም ቢሆኑ ቤተሰቡን በረድፍ የሚያሰልፉበት ጊዜ ይይዛሉ። ልክ ናቸው። አያት የሚፈልጉት ሁሉም ልጅ ቆሞ፣ ሁሉም ፊት ታይቶ ነው። አክስት በግማሽ ጆሮ ብቻ የምትታይበት ፎቶ አያትን አያስደስትም፤ አክስትንማ ተዉት።

ደግሞ ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ብቻ አይደለም። ሙሽሮቹ ሲሳሳሙ እንግዳው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ አንስቷል። አንድ አጎት በታብሌት እየቀረጹ መሃል ላይ ቆመዋል። ጋሼን ማን ዞር በሉ ይላል? ቅጽበቱ ከታብሌቱ ጀርባ ያልፋል።

ዋናው ጉድ የሚመጣው ፎቶው ሲደርስ ነው። ቤተሰብ ሶፋ ላይ ተደርድሮ ማየት ይጀምራል።

«እንዴ! እኔ እዚህ አፌን ከፍቼ ምን እያልኩ ነው?»

«እማዬ፣ እየሳቅሽ ነው።»

«እንዲህ ነው እንዴ የምስቀው? አጥፉት!»

ጠፋ። አባት ከዓምዱ ጀርባ ተደብቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉም አለ። እሳቸው «ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አሉ። ጠፋ። ሙሽራው ቦርጩን ሳይደብቅ ሲጨፍር፣ ጠፋ። በመጨረሻ ግድግዳ ላይ ለመሰቀል የተመረጠው የትኛው ነው? አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘና፣ እጅ ደረት ላይ።

«ናቹራል ብላችሁ አልነበር?» አለ ፎቶ አንሺው።

«ናቹራል አልን እንጂ አስቀያሚ አላልንም!»

ከአደጋው የተረፈች አንድ ፎቶ ነበረች። ሙሽሪት ደክሟት ሁለቱንም ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር አውልቃለች። ባዶ እግሯን ሙሽራው እግር ላይ ጭናዋለች። ሁለቱም አያውቁትም፤ እሱ ከእንግዳ ጋር እያወራ ነው፣ እሷ ወደ ሌላ ታያለች። የአልበሙ ምርጥ ናት። ሙሽሪትም ወደደቻት።

«ይቺን በትልቁ አሳትምልኝ» አለች። «ብቻ በኤዲት ጫማ አድርግልኝ።»

አደረገላት። ጠረጴዛው ሥር የወለቀውን ማጥፋት ግን ረስቷል። ሙሽሪት አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ አራት ጫማ አላት።