ፊላዴልፊያ አይደለም የምትኖሩት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቅር ሊያሰኛችሁ የሚችል ነገር ልናገር ነው። ከጎረቤታችሁ የመጣ ተግሳጽ ነውና ታገሱኝ።

የት ነው የምትኖሩት ስትባሉ ሁላችሁም "ፊሊ" ትላላችሁ። አይደለም። ከዌስት ፊላዴልፊያ ተነስታችሁ ወደ 69ኛ ስትሪት ስትነዱ ኮብስ ክሪክ የምትባል ትንሽ ወንዝ አለች። ብዙዎቻችን ከነመኖሯም አናስተውላትም። ከተማው እዚያ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው አፐር ዳርቢ ታውንሺፕ፣ ማለት ራሱን የሚያስተዳድር ሌላ አካባቢ ነው፤ ካውንቲው ደላዌር ካውንቲ፣ ከንቲባው ሌላ፣ ፖሊሱ ሌላ፣ ታክሱም ሌላ። ድሬክሰል ሂል ብላችሁ አድራሻ የምትጽፉትም ራሱን የቻለ ከተማ አይደለም፣ የአፐር ዳርቢ ሰፈር ነው። ዳርቢ ቦሮ፣ ዳርቢ ታውንሺፕና አፐር ዳርቢ ደግሞ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ሦስቱም የየራሳቸው አስተዳደር አላቸው። አንድ ወንድማችን ደጁ ላይ የወደቀ ትልቅ ቅርንጫፍ እንዲነሳለት ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲደውል የከረመው ወደ ፊላዴልፊያ ነበር። ቤቱን ከገዛ ስድስት ዓመቱ ነው! ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ።

እዚህ 85 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲቆጠር 85,681 ነበር። 69ኛ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁሙና እዩ። ባንግላዴሹ፣ ላይቤሪያው፣ ቬትናሙ፣ ኢኳዶሩ፣ ሲኩ፣ የኛም ሰው፣ ሁሉም ሻይና ቡናውን ይዞ ወደ ባቡሩ ይጣደፋል። ጣቢያው በ1907 ከተከፈተ ጀምሮ ሠርቶ አዳሪው በዚያ ሲያልፍ ኖሯል። ልጆቻችን ከእነዚህ ሰዎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። እና ታውንሺፑ የሁላችን ነው። ግን እኛ የምንኖረው ነገ ጠዋት እንደሚለቅ ተከራይ ነው፣ ቤት የገዛነው እንኳ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አዲስ አበባ ላይ ማን ተሾመ ማን ተሻረ ብባል ከእናንተ ውስጥ በደቂቃ የማይነግረኝ የለም። ይሄን አልነቅፍም፣ አገራችን ነው። ግን የልጃችሁን ትምህርት ቤት በጀት የሚያጸድቁትን ዘጠኝ የስኩል ቦርድ አባላት አንዱን በስም ታውቃላችሁ? አሥራ አንድ የካውንስል፣ ማለት የታውንሺፑ ምክር ቤት፣ አባላት አሉ፤ ሰባቱ በየወረዳቸው፣ አራቱ ደግሞ በመላው ታውንሺፕ ነው የሚመረጡት። የእናንተ ወረዳ ተወካይ ማነው?

የቤት ታክሳችን ሦስት ቦታ ነው የሚሄደው፤ ለካውንቲው፣ ለታውንሺፑና ለትምህርት ቤቱ። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ትምህርት ቤቱ ነው። በሞርጌጅ፣ ማለት በቤት ብድሩ፣ በኩል በየወሩ ስለሚከፈል አይታየንም። ወርሃዊው ክፍያ ድንገት ሲጨምር ባንኩን እንረግማለን፤ ጭማሪው ግን ጋሬት ሮድ ላይ ባለው የታውንሺፑ ሕንፃ ወይም በስኩል ቦርዱ ስብሰባ፣ በሩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ተወያይተውበት ያለፈ ሊሆን ይችላል። በፔንሲልቬኒያ ሕግ እነዚህ ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት መሆን አለባቸው፤ ነዋሪም ተነስቶ የመናገር መብት አለው። እንግሊዝኛዬ አይጥምም ብሎ የሚቀር አለ። እኔ እዚያ በተቀመጥኩበት ቀን እንግሊዝኛዋ ከኛ የማይሻል አንዲት የባንግላዴሽ እናት ወረቀት ይዛ ተነሳች፣ ልጇ በሚሻገርበት መንገድ ላይ መኪና እንዴት እንደሚበር ተናገረች፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ ሰማት። ከኛ ወገን አዳራሹ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። "ዝም አይነቅዝም" የሚለው ተረታችን እዚህ አይሠራም። እዚህ ዝም ያለ ሰው የለም ተብሎ ነው የሚታለፈው።

ስብሰባ አንችልም እንዳትሉኝ ደግሞ። እድር የምናቋቁም ሰዎች ነን። ደንብ ጽፈን፣ ሊቀመንበር መርጠን፣ ያረፈደ ሰው ላይ ቅጣት ጥለን፣ ሃያ ዶላር ከሒሳቡ ጎደለ ብለን እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች ነን። በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር የምንከፍልበት ትልቁ እድራችን ግን ታውንሺፑ ነው፤ እሱ ጋ አንድ ቀን ብቅ ብለን አናውቅም።

ስንፍናችን ገንዘብም ያስከፍለናል። የራሳችሁ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ሁሉ ሆምስቴድ የሚባለውን ፎርም ሞልታችኋል? የትምህርት ቤቱን ታክስ ይቀንሳል፤ ገንዘቡ ስቴቱ ከቁማር ቤቶች ከሚሰበስበው የሚመጣ ነው። ማመልከቻው እስከ ማርች 1 መግባት አለበት። እኔ ራሴ አራት ዓመት ሙሉ ፖስታው ሲመጣ ማስታወቂያ መስሎኝ ጥዬዋለሁ። እናቶቻችንና አባቶቻችንስ? 65 ዓመት የሞላው፣ ባል ወይም ሚስት የሞተበት ከሆነ ከ50 ጀምሮ፣ አካል ጉዳተኛ ከሆነ ከ18 ጀምሮ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ስቴቱ ከከፈለው የቤት ታክስ ወይም ኪራይ ላይ እስከ 1,000 ዶላር ይመልሳል። ኪራይም ጭምር! ማመልከቻው በነጻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ቁጭ ብለን ለአንድ እናት አንድ ፎርም ብንሞላ ስንት ሰው ይጠቀም ነበር። ወጣቶች፣ ይሄ የእናንተ ሥራ ነው፤ ስልካችሁ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅባችሁ።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ሁላችሁም ትወጣላችሁ፤ "መርጫለሁ" የሚለውን ተለጣፊ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ፎቶ ትለጥፋላችሁ። ከንቲባ፣ ካውንስልና ስኩል ቦርድ የሚመረጡት ግን በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ነው፣ ያኔ ግማሻችን እንኳ አንወጣም። ደግሞ ትልቁ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ኖቬምበር ሳይደርስ፣ ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን በሚመርጡበት በሜይ ምርጫ ያልቃል። በፔንሲልቬኒያ የሜይ ምርጫ ላይ እጩዎችን መምረጥ የሚችለው በፓርቲ የተመዘገበ ብቻ ነው። "እኔ ፓርቲ ውስጥ አልገባም" ብላችሁ የተመዘገባችሁ ሁሉ እጩ ሲመረጥ ከደጅ ቀራችሁ ማለት ነው። የፓርቲ ነገር ለምን እንደሚያስፈራን አውቃለሁ፤ ከየት እንደመጣን አልረሳሁም። እዚህ ግን ወረቀት ላይ አንድ ምልክት ነው፣ ሲያሻችሁ ትቀይሩታላችሁ። ሲትዝን ያልሆናችሁ ግን አደራ፣ ድምፅ አትስጡ፣ ለመራጭነትም አትመዝገቡ። አንዲት ስህተት ዜግነታችሁን ታስከለክላለች። ስብሰባ ላይ ሄዶ መናገር ግን ማንም አይከለክላችሁም።

የሰፈር ምርጫ ምን ይለውጣል የሚለኝ አለ። አፐር ዳርቢ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሪፐብሊካኖች ነበር። በ2019 ያ ተለወጠና የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ተመረጠች። በ2023 ደግሞ ኤድ ብራውን የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። እሳቸው ከዚያ በፊት የስኩል ቦርዱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ስኩል ቦርድ ደሞዝ የለውም፤ ማታ ማታ የሚሠራ አገልግሎት ነው። ከኛ መካከል አካውንታንቱ፣ ነርሷ፣ መሐንዲሱ ይሄን የማይችሉት ለምንድነው?

እንግዶች ነን አትበሉኝ። ዳርቢ ክሪክ ዳር ያለችውን የስዊድኖች የግንድ ቤት ሄዳችሁ እዩ፣ በ1600ዎቹ የመጡ ሰዎች የሠሯት ናት፤ እነሱም ባሕር ተሻግረው ነው የመጡት፣ ያውም የአገሩ ነባር ሕዝብ ሌናፔዎቹ በሚኖሩበት ምድር ላይ። በ1789 በዚሁ በአፐር ዳርቢ የተወለደ ቶማስ ጋሬት የሚባል ሰው አለ፤ ከባርነት የሸሹ ከሁለት ሺህ በላይ ጥቁሮችን ወደ ነጻነት አሳልፏል። በ1848 ፍርድ ቤት ከባድ ቅጣት ጣለበት፣ ሥራውን ግን አላቆመም። የምንኖረው የእሱ መንደር ውስጥ ነው፤ ልጆቻችሁ ይሄን ያውቁ ይሆን?

በኖቬምበር 2022 ድሬክሰል ሂል ያለው ሆስፒታል ሲዘጋ ወሬውን የሰማነው ከተዘጋ በኋላ ነው። በ2025 ክሮዘርና ቴይለር የሚባሉት ሆስፒታሎችም ተዘጉ። መምጣታችን ብቻውን ሆስፒታል ያስከፍት ነበር አልልም። ግን ጎረቤቶቻችን ለሰልፍ ሲወጡ እኛ የት ነበርን? እናቶቻችን እኮ እዚያ ነበር የሚታከሙት።

ለሚቀጥለው የካውንስል ስብሰባ መኪናዬ ውስጥ አራት ቦታ አለ። ከቤታችሁ ወስጄ እመልሳችኋለሁ። መናገር የማትፈልጉ አትናገሩ፣ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስሙ። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸውን እናቶች ከጎናቸው ተቀምጬ በሹክሹክታ እተረጉምላቸዋለሁ።