ለቃለ መጠይቅ ጠርተው ስብከት

ማስታወቂያው «ማርኬቲንግ ኦፊሰር፣ ዜሮ ዓመት ልምድ፣ ደመወዝ በስምምነት» ይላል። ሲቪና የዲግሪ ኮፒ ተይዞ ሲኬድ ሃያ ምናምን ሰው ባንድ አዳራሽ! ጠያቂ የለ፣ ጥያቄ የለ፤ ከረባት ያሰረ ልጅ ፕሮጀክተር ከፍቶ ስለ መኪናና ቪላ ይሰብካል። ደመወዙስ? «እንደ ጥረታችሁ።» ኮሚሽን ብቻ ነው በሉና እንወቀው! ከዚያ ዕቃ ግዛ፣ አንድ ሰው በግራ አንድ በቀኝ አስገባ ይከተላል። ገቢው ከሽያጩ ሳይሆን ከምታስገቡት ሰው ብዛት ከመጣ ፒራሚድ ነው፤ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ።

ደህና የሚባሉት ድርጅቶችም «ፈተና ነው» ብለው የወር የፌስቡክ ፖስት ከነዲዛይኑ ያሠሩና ድምፃቸው ይጠፋል። ሥራው ግን ገጻቸው ላይ ብቅ ይላል። ለመፈተን አንድ ፖስት አይበቃም? ደመወዝ እየከፈላችሁ የምትሞክሩበት 60 የሥራ ቀን የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ሰጥቷችሁ የለ እንዴ!