የባቄላ እሸት የፓርኪንሰንን እንክብል አይተካም

በሰሜን ሸዋ ደጋ ባቄላ የማይዘራ ገበሬ ማግኘት ይከብዳል። «ባቄላ ፓርኪንሰንን ይፈውሳል» የሚለው ወሬም እኛ ዘንድ ቶሎ ጆሮ ያገኛል። ወሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ታማሚ ግን ይጎዳበታል ብዬ እሰጋለሁ።

ፓርኪንሰን የያዘው ሰው አንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክል ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት እየሞቱ ይሄዳሉ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ሰውነት ይገታተራል። ብዙ ቤት «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው፤ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት በ1913 እ.ኤ.አ. ሌቮዶፓን ነጥሎ ያወጣው ከባቄላ ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ስድስት ታማሚዎች 250 ግራም የበሰለ ባቄላ በልተው እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሏል። ደስ ይላል፤ ግን ስድስት ሰው ብቻ ነው። ሙኩና በተባለ ሌላ ሌቮዶፓ ያለው ጥራጥሬ ዱቄት ላይ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሙከራ አለ። ከ14 ታማሚዎች ሰባቱ ዱቄቱን አቋርጠዋል፤ ገሚሱ ሆዳቸው ታውኮ፣ ገሚሱ ሕመሙ ብሶባቸው።

እንክብሉ ውስጥ ከሌቮዶፓ ጋር ካርቢዶፓ አለ። መድኃኒቱ አንጎል ሳይደርስ እንዳያልቅ ይጠብቀዋል፣ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። ባቄላ ይህ የለውም። ባቄላው ውስጥ ያለው የሌቮዶፓ መጠንም አይታወቅም። ሌቮዶፓው የሚበዛው በለጋው እሸትና በቅርፊቱ ነው፤ እኛ ዓመቱን ሙሉ የምንበላው ቆሎና ክክ ግን ከደረቀው ነው፣ እዚያ ውስጥ ጥቂት ነው የሚገኘው። የባቄላው ፕሮቲን ደግሞ የእንክብሉን ሌቮዶፓ ወደ ሰውነት ሲገባ ይሻማዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መዋጥ ይመከራል፣ በተለይ በጾም ጥራጥሬ ሲበዛ።

እሸት ሲደርስ ብሉ፤ ማን ይከለክላል? ታማሚው ግን ብዙ የሚበላ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር። ሌቮዶፓ ሲበዛ ሰውነት ያለፈቃድ ይወራጫል። እንክብሉን በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል፤ እባካችሁ ማንም እንዳያደርገው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሌቮዶፓን ከካርቢዶፓ ጋር ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስፍሮታል። ሰው እሸት ላይ ተስፋ የሚጥለው መድኃኒት ሲርቀውና ሲወደድበት ነው። የመንዝ ወይም የአንኮበር አዛውንት ለዚህ እንክብል ደብረ ብርሃን ድረስ መንከራተት የለባቸውም። የወረዳ ሆስፒታሎቻችን ሳይቆራረጥ ሊይዙት ይገባል።