ካሜራውን ተዉት፣ ድምፁን ማን ይቅዳ?

ሐዋሳ ላይ በራሱ ኪስ ፊልም የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ የሚጠየቀው «ካሜራህ ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። ኧረ ተዉን! ሥራውን የሚገድለው ድምፅ ነው። ሐይቁ ዳር ጸጉራም የነፋስ መከላከያ ያልለበሰ ማይክ ይዞ መውጣት ነፋስ ቀድቶ መመለስ ነው። መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ ባጃጅ አለ። የባጃጅ ሞተር የሰው ድምፅ ያለበት የድምፅ ክልል ውስጥ ስለሚገባ፣ በሶፍትዌር ሲያጸዱት ተዋናዩም አብሮ ይታጠባል፤ ቆርቆሮ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። መፍትሔው ማይኩን ደረት ላይ፣ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አውርዶ መሰካት፣ ከቀረጻው በኋላም ኤዲቲንግ ላይ ክፍተት መሙያ እንዲሆን፣ ማንም ሳይናገር የቦታውን ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ መቅዳት ነው። «ዝም በሉ» ሲባል ግን አንዱ ስልክ ያነሳል፣ ሌላው ወንበር ይጎትታል።

የኤሌክትሪክ ኃይላችን 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ አምፖሉም አብሮት ይርገበገባል። ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ካላደረጉ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ምስሉን ሊያርገበግበው ይችላል፤ ይሄ ኤዲቲንግ ላይ በቀላሉ አይድንም።

በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ለመጠባበቂያ ቅጂ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ሲጠየቅ ገንዘብ አውጪው «አንዱ ምን ሆነ?» ይላል። ለምሳና ለትራንስፖርት ግን አይጨቃጨቅም፣ እሱን እንኳን እናመስግነው።

ሁሉም አልቆ ሲኒማ ቤት ሲታጣ ምክሩ «ዩቲዩብ ላይ ጫኑት» ነው። ለማስታወቂያ ገቢ 1,000 ተከታይና በ12 ወር 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠየቃል፤ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ከ2,600 ጊዜ በላይ እስከ መጨረሻው መታየት አለበት ማለት ነው። እስከዚያ የቀረጻ መብራቶቹን ኪራይ ማን ይክፈል?