መንገዱን ስንዴ በላው

ኧረ በናታችሁ! እንግሊዝ ውስጥ ኮትስዎልድስ የሚባል ገጠር ነው ያለሁት፣ ቅዳሜ ትንሽ ዎክ ላድርግ ብዬ ወጣሁ፣ ካርታው ላይ የእግር መንገዱ (በገበሬ ማሳም ቢሆን ማንም በሕግ የሚያልፍበት) ጥርት ብሎ ይታያል፣ የመንገዱ ምልክት እንጨት ላይም ቢጫ ቀስቷ አለች፣ አጥሩን ተሻግሬ ስወርድ ግን ምን መንገድ አለ! ገበሬው አርሶ ስንዴ ዘርቶበታል፣ ስንዴው ወገቤ ጋ ደርሷል። የ1980ው (እ.ኤ.አ.) ሀይዌይስ አክት የሚባለው የመንገድ ሕግ እኮ ካረስክ በ14 ቀን ውስጥ መንገዱን መልስ ይላል፣ ስፋቱ ካልተመዘገበ እንኳን ማሳ መሀል ቢያንስ 1 ሜትር። ማን ሰምቶ! በዳር ልዙር ስል ሳማው እግሬን ለበለበኝ (ቁምጣ ለብሼ)፣ ከዛ ደግሞ ጥጃ የያዙ ላሞች አፍጥጠው ቆመዋል፣ እነሱን እንኳን አልነካም ብዬ ተመለስኩ። ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) ሪፖርት አደረግኩ፣ "ደርሶናል" የምትል ኢሜይል መጣች፣ በቃ። እነሱ እስኪመጡ ስንዴው ታጭዶ ዳቦ ይሆናል።